«ምን ይመስልሻል?» የሚል ፈተና

ስዋዚላንድ፣ ምባባኔ
ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1988

ለአቶ ወንድይፍራው፣

ስሜ ጽጌማርያም ዱባለ ነው። የነርስ ሰርኬ ልጅ ነኝ። እናቴ የእርስዎ ዘመድ ናት። አሁን ሉሳካ ሆስፒታል ትሠራለች። ከኮልፌ የወጣነው አምስተኛ ክፍል ሆኜ ነው። አሁን ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። እዚህ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ።

የምንማረው ኢንተርናሽናል ባካሎሬት ይባላል። ከዩኒቨርሲቲ በፊት ሁለት ዓመት ነው። ከየአገሩ የመጣ ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት ፈተና ይፈተናል። ስድስት ትምህርት አለ። አንዱ የራስ ቋንቋ ሥነ ጽሑፍ ነው። የእኔ አማርኛ ነው። እዚህ የአማርኛ አስተማሪ የለም። ብቻሽን አጥኚ፣ ግን በደብዳቤም ቢሆን የሚመራሽ መምህር ይኑርሽ ብለውኛል። አማርኛውን ከወደቅሁ ዲፕሎማውን አላገኝም። ያለ ዲፕሎማው ሕክምና የሚያስተምሩኝ ሰዎች አይወስዱኝም።

እናቴ እርስዎ የአማርኛ መምህር ነዎት አለች። ያስተምሩኛል? መልስ ቶሎ እፈልጋለሁ።

ጽጌማርያም


አዲስ አበባ፣ ኮልፌ
መጋቢት 21 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጽጌማርያም ዱባለ፣

ከሁሉ አስቀድሞ፣ የሰው አገር ብርዱም ሙቀቱም ሳይከፋብሽ፣ ምግቡም ተስማምቶሽ ሰንብተሽ እንደሆነ ለማወቅ እጓጓለሁ። እኔና ባለቤቴ ጥሩብርሃን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የኮልፌም አቧራ እንደተውሽው አለ፤ ዝናብ እስኪመጣ እየጠበቀ ነው።

አየሽ፣ ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራል። ያንቺ ቴሌግራም ነው። ለእኔ ደግሞ ቴሌግራም የሚመጣው ሰው ሲሞት ስለሆነ፣ ገና ስከፍተው ማን ሞተ ብዬ ነው የፈለግሁት። ማንም አለመሞቱን ሳረጋግጥ ቁጭ ብዬ በቀይ እስክሪብቶ አረምኩት። አርሜም መልሼልሻለሁ፤ ከዚህ ጋር ተጣጥፎ ታገኚዋለሽ። «መልስ ቶሎ እፈልጋለሁ» የሚለውን ግን አላረምኩትም፤ ጨርሶ ሰርዤዋለሁ። «ፌብሩዋሪ»ንም እንዲሁ።

ዘመድነታችንን እናትሽ አሳጥራ ነግራሻለች። የእናትሽ አባትና የእኔ አባት የወንድማማች ልጆች ናቸው። ሰርኬ ነርስ ትምህርት ቤት ስትገባ ያደረችው እኛ ዘንድ ነበር፣ አሁንም ባለንባት በ18 ማዞሪያዋ ቤት። አንቺንም ክርስትና ስትነሺ አቅፌሻለሁ። ስትጮኺ ቄሱ ራሳቸው ደንግጠው ነበር። በደብዳቤሽም እንደዚያው ነሽ።

አስተምርሻለሁ። የሰርኬ ልጅ በአማርኛ ወደቀች ተብሎ በእኔ ዕድሜ አይሰማም። ደንቤ አንድ ነው፤ የምትልኪልኝን ሁሉ አርሜ እመልሳለሁ፣ አንቺም ያረምኩትን እንደገና ጽፈሽ ትልኪያለሽ። ለመጀመሪያ «የአውራጃው ዳኛ» የሚለውን ልብ ወለድ ልኬልሻለሁ። ትንሽ መጽሐፍ ናት፣ ፖስታ ቤቱ ግን ትንሽ አልመሰለውም። ፈታሹ ሠራተኛ ቆሞ ገጽ በገጽ ገለጣት፤ ጨርሶ የሚያሳልፍልኝ አልመሰለኝም ነበር።

ንጉሥ ያለበት አገር መሆንሽን ሰምቻለሁ። ስለ እሱ አትጻፊልኝ። ስለ አየሩ ጻፊልኝ።

ዘመድሽ ወንድይፍራው


ምባባኔ
ሚያዝያ 30 ቀን 1980 ዓ.ም.

እጅግ ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለጋሼ ወንድይፍራው፣

ለክቡር ጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እትዬ ጥሩብርሃንስ እንዴት ናቸው? ጎረቤቶችዎስ? የጎረቤቶችዎ ልጆችስ? በሬዲዮ የሚናገሩት ሰዎችስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። አየሩም ደህና ነው። አሁን በቃ ይበሉኝ፣ ከዚህ በላይ ሰላምታ አላውቅም።

ቀዩን እስክሪብቶ የክፍል ጓደኛዬ ኖምሳ አየችው። እሷ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከሶዌቶ ናት። «ዘመድሽ ተጣልቶሽ ነው?» አለችኝ። ኧረ ማስተማሩ ነው ብላት አላመነችኝም።

እዚህ አንድ ለየት ያለ ትምህርት አለ። ስሙን ወደ አማርኛ መመለስ አቃተኝ። መምህሩ ገብቶ «የምታውቁትን እንዴት አወቃችሁት?» ይለናል። ስንመልስ ደግሞ ዝም ይላል እንጂ ትክክል ነው፣ ስህተት ነው አይልም። ደወል ሲደወል መልሱን ሳይነግረን ይወጣል። መጀመሪያ ሰሞን መልሱን እሱም የማያውቀው መስሎኝ አዝኜለት ነበር።

መጽሐፉን ሁለቴ አነበብኩት። ወለተጻድቅ የምትባለዋ ባልቴት በሬዋን የዳኛው ልጅ ይወስድባታል። መንደሩ ሁሉ አይቷል። ችሎት ላይ ግን ዳኛው «በሬሽን የወሰደው ማን ነው?» ሲላት ዝም ትላለች። ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች፣ መጽሐፉም እዚያ ላይ ያልቃል። ይሄ ምን ዓይነት አጨራረስ ነው? እንዲህ ያለ መጽሐፍ ፈተና ላይ ቢመጣ ምን ብዬ እጽፋለሁ? ለምን ዝም አለች?

ልጅዎ ጽጌማርያም


ኮልፌ
ሰኔ 18 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጽጌማርያም፣

ክረምቱ ሳይገባ ይህች ደብዳቤ እንድትደርስሽ እየተመኘሁ፣ ጤናሽ እንዴት ነው እላለሁ። በሬዲዮ የሚናገሩት ሰዎች ደህና ናቸው፤ እንደውም ድምፃቸው ጨምሯል። ጎረቤቶቼም ደህና ናቸው። ጥሩብርሃን ከቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ እንደተመለሰች ሰላምታሽን አነበብኩላትና ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ወደ ትምህርታችን። ወለተጻድቅ ዝም ያለችው ጨዋ ሴት ስለሆነች ነው። ደራሲው በእርሷ አማካይነት የትዕግሥትን ታላቅነት ያስተምረናል። ዝምታዋም ከብዙ ንግግር ይልቅ ዳኛውን ያሳፍረዋል። በዚህ ላይ የተዘጋጀ ሁለት ገጽ ማብራሪያ አያይዣለሁ። ተማሪዎቼ ሁሉ የሚጽፉት እሱን ነው፣ እሱን የጻፈ ወድቆ አያውቅም። በቃልሽ አጥኚው። ነጠላ ሰረዟ እንኳ እንዳታመልጥሽ።

ያ መልስ የማይናገረው መምህርሽ «የምታውቁትን እንዴት አወቃችሁት?» ሲል፣ «ከመምህሬ» በዪው። ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

የገና ዕረፍትሽ ከመድረሱ በፊት ፈተና እንዳለሽ እናትሽ ጽፋልኛለች። ልብሽን አሳርፊ። የኮልፌን አማርኛ ማን ይጥለዋል?

ዘመድሽ ወንድይፍራው


ምባባኔ
ታኅሣሥ 2 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለጋሼ ወንድይፍራው፣

እትዬ ጥሩብርሃንም እርስዎም በሰላም እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ሰላምታዬ ያጠረው ስለተናደድኩ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የመጀመሪያውን ዓመት ፈተና ተፈተንን። የአማርኛውን ያረመው ሐራሬ የሚኖር ኢትዮጵያዊ መምህር ነው። በባዮሎጂ ከሰባት ስድስት አገኘሁ፣ በሒሳብ ስድስት፣ በአማርኛ ሁለት።

ጥያቄው ስለ ወለተጻድቅ ነበር። ሲመጣ ደስ ብሎኝ ሁለቱን ገጽ አንድ ቃል ሳልጥል አወረድኩት። ሰውዬው ከወረቀቱ ግርጌ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «አማርኛው ያማረ ነው። ግን ይህ የአስተማሪሽ ድምፅ ነው። አንቺ የት አለሽ?»

በሚቀጥለው ዓመት በጥቅምት የመጨረሻው ፈተና አለ። እዚያ ላይ ሁለት ካገኘሁ ሁለት ዓመት የለፋሁበት ገደል ገባ ማለት ነው። እኔ ግን አልወድቅም፣ ቆርጫለሁ። የሚጠይቁት የታወቀውን መልስ ሳይሆን «ምን ይመስልሻል?» የሚለውን ነው። ይህን ደግሞ በቃል ማጥናት አይቻልም።

ስለዚህ ጋሼ፣ ሌላ ሁለት ገጽ አይላኩልኝ። እርስዎ ራስዎ ምን ይመስልዎታል? ለምን ዝም አለች?

ጽጌማርያም


ኮልፌ
የካቲት 29 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ጽጌማርያም ዱባለ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እኔ ሳስተምር ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ከተማሪዎቼ ሐኪም የሆኑ አሉ፣ መሐንዲስ የሆኑ አሉ። «ወንድይፍራው ምን ይመስልሃል?» ያለኝ አንድም ሰው የለም፣ የትምህርት ሚኒስቴርም ጠይቆኝ አያውቅም። የአማርኛ መምህር ሥራው የሚመስለውን መናገር ሳይሆን የተጻፈውን ማስተማር ነው። የሐራሬው ሰው የተሻለ የሚያውቅ ከሆነ ቅርብሽ ነውና እሱ ያስተምርሽ።

ደብዳቤሽን አርሜ መልሼልሻለሁ። «ገደል ገባ» ለደብዳቤ አይሆንም።

ወንድይፍራው

እኔ ጥሩብርሃን ነኝ ልጄ። ፖስታውን ለጥፊው ብሎ ሰጥቶኝ ወጣ፣ እኔም ቦታ ስላገኘሁ ጣል ላድርግ ብዬ ነው። ደብዳቤሽ ከመጣ ወዲህ ሰውዬው አላረፈም። መጽሐፏን ከትምህርት ቤት ተውሶ አምጥቷል። ምሳ ላይ ጎርሶ «ለምን ዝም አለች?» ይለኛል። ማን ስለው «ወለተጻድቅ» ይላል። መጀመሪያ ጎረቤት መስላኝ ነበር። የተቆጣው አንቺን ሳይሆን ራሱን ነው። ዝም ብለሽ ጻፊለት፣ እንዳትተዪው።


ምባባኔ
ሚያዝያ 11 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለጋሼ ወንድይፍራው፣

የፋሲካን ጾም በደህና እየጨረሳችሁ እንደሆነ እመኛለሁ። እኔም ለመጾም ሞክሬ ነበር፣ ወጥ ቤቱ ግን ጾም የሚባለውን አላወቀልኝም። እትዬ ጥሩብርሃንን በተለይ ሰላም ይበሉልኝ። በጣም በተለይ።

ጋሼ፣ ሌላ መምህር አልፈልግም። የሐራሬው ሰው የሚያውቀው ወረቀቴን ነው፣ እርስዎ ግን ክርስትና ስነሣ አቅፈውኛል። ጠይቄ ካስቀየምኩዎት ይቅርታ። ጥያቄውን ግን አልተወውም።

እኔ ልጀምር። ለእኔ ወለተጻድቅ ፈሪ ናት። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ስም መጥራት ምን ያቅታል? እኔ ብሆን «ልጅህ ነው» እለው ነበር፣ ፊት ለፊት። መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ስተርክላት ኖምሳ ተቆጣችኝ። የአጎቷ ልጅ እንዲህ ተናግሮ ከዚያ ወዲህ የት እንዳለ አያውቁም። «ለመሆኑ ዳኛ ፊት ቆመሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አላውቅም። ግን ያም ሆኖ ፈሪ ናት ብዬ ጽፌያለሁ። ይረሙልኝ። አማርኛውን ብቻ ሳይሆን ሐሳቡንም።

ልጅዎ ጽጌማርያም


ኮልፌ
ሐምሌ 9 ቀን 1981 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጽጌማርያም፣

ክረምቱ እንደ ጉድ ገብቷል። ከጦር ኃይሎች ሰፈር እስከ እኛ ድረስ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነው፣ ከአውቶቡስ የወረደ ሁሉ ጫማውን በእጁ ይዞ ይሄዳል። እኛ ደህና ነን። አንቺም ደህና እንደሆንሽ በእግዚአብሔር አምናለሁ። መልሴ የዘገየው ግንቦት ላይ ደብዳቤ ለመጻፍ አመቺ ስላልነበረ ነው። ሬዲዮ ሰምተሽ ከሆነ ታውቂዋለሽ። ካልሰማሽም ይቅር።

ከሩቅ ሆኖ ፈሪ ማለት ቀላል ነው። ኖምሳ ጥሩ ጓደኛ ናት። እንዲያውም ቀይ እስክሪብቶ ብልክላት ደስ ይለኛል።

አሁን መጽሐፉን ክፈቺና የመጨረሻውን ምዕራፍ እንደገና አንብቢ። ለዓመታት ሳስተምረው ያላየሁትን አሁን አየሁ። ደራሲው ስለ ዳኛው ፊት አንድ መስመር አልጻፈም። ስለ ታዳሚው ግን ጽፏል። አንዱ በበትሩ መሬት ይጭራል፣ አንዷ ልጇን ታጠባለች፣ አንዱ ዣንጥላውን ይፈትሻል። ወለተጻድቅ ዳኛው ሲጠይቃት ወደ እሱ አታይም። የምታየው ጎረቤቶቿን ነው። አንድ በአንድ ታያቸዋለች፣ ከእነሱ አንድም ቀና የሚል የለም። ከዚያ በኋላ ነው ነጠላዋን የምታጣፋው።

ዳኛውን የፈራችው አይመስለኝም። የፈራችው ብቻዋን መሆኗን ነው። «ልጅህ ነው» ብትል ቀጥሎ «ማን አየ?» እንደሚላት ታውቃለች። ያኔም ምስክር የሚሆናት እንደሌለ አወቀች። ትዕግሥትም ጨዋነትም አይደለም።

ይኸው። ይህ የእኔ አስተያየት ነው። «የእኔ አስተያየት» የምትለዋን በወረቀት ላይ ስጽፋት የመጀመሪያዬ ነው፣ ሁለት ጊዜ ሰርዤ መለስኳት። ያንን ሁለት ገጽ ቅደጂው። ተማሪዎቼን ከመስከረም ጀምሮ ምን እንደማስጽፋቸው ገና አላወቅሁም።

ዘመድሽ ወንድይፍራው


ምባባኔ
ነሐሴ 20 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለምወድዎት ለጋሼ ወንድይፍራው፣

ጤናዎን፣ የእትዬ ጥሩብርሃንን ጤና፣ የጫማዎንም ጤና እጠይቃለሁ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ከላቦራቶሪ እየወጣሁ ነበር። ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ተቀምጬ አነበብኩት። ምዕራፉን ከፍቼ ሳይ ዣንጥላው እውነትም አለ። ከዓመት በላይ ሳነብበው አላየሁትም።

ፈሪ ናት ያልኩትን ትቼዋለሁ። ግን አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ያዘኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ብቻ፣ ያ ዣንጥላ የያዘው እንኳ፣ ቀና ብሎ «እኔም አይቻለሁ» ቢልስ? ምን ይሆን ነበር? በሬው ይመለስ ነበር? ወይስ ሁለቱም አብረው ይጠፉ ነበር? መልሱ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ፈልጌ አጣሁት።

የአማርኛው ፈተና ጥቅምት 26 ነው። ከዚያ በፊት የሚመስልዎትን ይጻፉልኝ። እንደ ማብራሪያ አላጠናውም። ግን እርስዎ ምን እንደሚሉ ሳልሰማ መግባት አልፈልግም።

ልጅዎ ጽጌማርያም


ምባባኔ
ጥቅምት 24 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለጋሼ ወንድይፍራው፣

በሰላም እንዳሉ ልመን። ደብዳቤ ይመጣል ብዬ የፖስታ ሳጥኑን በየቀኑ ሳይ ሰነበትኩ። እናቴም ከሉሳካ ለትምህርት ቤትዎ ስልክ ደውላ ነበር፣ ያነሣው ሰው «መምህር ወንድይፍራው የሉም» ብሎ ዘጋባት። የት ሄዱ ብላ መልሳ ብትደውል ማንም አላነሣም።

እናቴ ፈተናውን እስክጨርስ ላትነግረኝ ፈልጋ ነበር፣ አልቻለችም። የመጣው ይምጣ ብላ ነገረችኝ። ፈርቻለሁ ጋሼ። ከነገ ወዲያ ግን ገብቼ እጽፋለሁ። ያልደረሰኝን መልስዎን ራሴ ፈልጌ እጽፈዋለሁ። አማርኛዬን በደንብ እመለከተዋለሁ፣ አይዞዎት።

ደህና ከሆኑ አንድ ቃል ብቻ ይላኩልኝ። ሰላምታም አያስፈልገውም። ቴሌግራም ቢሆንም ግድ የለም።

ጽጌማርያም


ኮልፌ
ኅዳር 7 ቀን 1982 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጽጌማርያም፣

ደህና ነኝ። ይህንን ከሰላምታው ያስቀደምኩት ሆን ብዬ ነው፤ ደንብ ያፈረስኩ እንዳይመስልሽ። አሁን ደግሞ እንደምን ሰነበትሽ? ጥሩብርሃንም ደህና ናት፣ ከስታለች እንጂ።

ይህች ደብዳቤ በእኛ ፖስታ ቤት አላለፈችም። የጎረቤታችን ልጅ ዘሀራ አየር መንገድ ውስጥ ትሠራለች፣ ሐራሬ ስትደርስ እዚያ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ትከትልኛለች። እስከ ዛሬ ስለ አየሩ የጻፍኩልሽ ከእኔና ካንቺ ሌላ የሚያነብ ስለነበረ ነው። ፖስታዎችሽ ሁሉ ጫፋቸው ተከፍቶ በሙጫ ተለጥፎ ነበር የሚደርሱኝ። ያ አንባቢ በመጽሐፋችን ሳይሳብ አልቀረም፤ ሐምሌ ላይ የጻፍኩትን ሳይቆርጥ አሳልፎታል።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ። መስከረም መጨረሻ ላይ የመምህራን ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የማትሪክ ምዝገባ ነበር። ከቀበሌ ወጣት ማኅበር ወረቀት ያላመጣ ተማሪ አይመዘገብም የሚል ውሳኔ ቀረበ። ልጆቹ ደግሞ ወደ ማኅበሩ መሄድ ያቆሙት ከዚያ እየታፈሱ ለውትድርና ስለሚወሰዱ ነው። ሁላችንም እናውቃለን፤ የአንዳንዳችንም ልጆች ተወስደዋል። ከእኔ ክፍል ግማሹ ወረቀት የለውም። አንቺ ስለ ሁለት ዓመት ልፋት ጽፈሽልኝ ነበር። የእነዚህ ልጆች ግን የዐሥራ ሁለት ዓመት ነው።

የእኛ ስብሰባ እንዴት እንደሚዘጋ ላንቺ እንግዳ ነው። ሰብሳቢው በአንድ ትንፋሽ «ተቃውሞ ያለው ድምፀ ተአቅቦ ያለው የለም በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ይላል። መሐሉ ላይ ነጠላ ሰረዝ የለውም፣ እኔም በዚህ ሁሉ ዓመት አርሜው አላውቅም። ጥያቄ መሆኑንም ረስተነዋል። ያን ቀን ግን «ተቃውሞ ያለው» ከማለቱ የፊዚክስ መምህሩ ሰይፈዲን ብድግ አለ። «እኔ አለኝ» አለ። ልጆቹ ይፈተኑ፣ የማኅበሩን ጉዳይ ማኅበሩ ይጨርስ፣ አለና ቆመ።

ሰብሳቢው አልተቆጣም። «ሌላስ? እንደ መምህር ሰይፈዲን የሚያስብ ሌላ አለ?» ብሎ አንድ በአንድ ያየን ጀመር። ሰይፈዲንም ያየናል። እኔ ወለሉን እያየሁ ነበር። ሲሚንቶው ከእግሬ ሥር ተሰንጥቋል፣ ያንን ስንጥቅ ስመረምር ነበር። ከጎኔ ያለው መምህር ዣንጥላ ይዟል። ልጄ፣ ዣንጥላውን ሳይ አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ተነሥቼ «እኔም» አልኩ። ይኸው ነው። ንግግር የለውም። እስካሁን ሰው ሲጠይቀኝ የተናገርኩትን አስረዝሜ ልነግረው ይቃጣኛል፣ ግን «እኔም» ብቻ ነው ያልኩት።

አጀንዳው ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ ተባለ። ሌላው ጊዜ ሳይመጣ የምዝገባው ቀን ደረሰ፣ ልጆቹም ተመዘገቡ፣ በሙሉ። እኔንና ሰይፈዲንን ከቀበሌው በላይ ያለው ጽሕፈት ቤት፣ ከፍተኛው፣ ጠራንና ጥቂት ሳምንት እዚያው ታስረን ቆየን። አልተመታንም። ብዙ ጊዜ የጠየቁን «ማን ላካችሁ?» እያሉ ነው። እኔ ያስነሣችኝ አንዲት ባልቴት ናት ማለት አልቻልኩም፤ አድራሻዋን ይጠይቁኝ ነበር።

ጥያቄሽን አሁን እመልሳለሁ፣ የፈተናሽ ቀን ማለፉን ባውቅም። ምስክር ቢኖራት በሬው ይመለስላት እንደነበር አላውቅም። ግን ከችሎቱ ብቻዋን አትወጣም ነበር። እኔና ሰይፈዲን ከትምህርት ቤት እስከ ከፍተኛው ድረስ ጎን ለጎን ነው የሄድነው። እሱ ዓለም ባንክ ሰፈር ስለሚሠራት ቤት በር እያወራልኝ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ያንን መንገድ ሲሄድ ምን እንደሚመስል አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። የሚመስለኝ ይህ ነው።

አሁን ሰይፈዲንን ወደ ሌላ አውራጃ አዛውረውታል፣ በሩን ሳይሰቅል ሄደ። ይህ ያሳዝነኛል። እኔን ከክፍል አውጥተው መጽሐፍ መጋዘን ውስጥ አስቀምጠውኛል። ልቀጣበት ነው። ቀን ሙሉ ሲነበብ የሚዋልበት ቅጣት ግን ከዚህ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ተማሪዎቼ መጽሐፍ ሊዋሱ እየመጡ ቆመው ያወሩኛል። «ምን ይመስላችኋል?» እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ደነገጡ፣ አሁን እየለመዱት ነው።

ስለ ፈተናሽ ምንም ይሁን ምን ጻፊልኝ።

ዘመድሽ ወንድይፍራው


ምባባኔ
ታኅሣሥ 28 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለምወድዎት ለጋሼ ወንድይፍራውና ለእትዬ ጥሩብርሃን፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ሰላምታ አሁን አይወጣኝም፣ አልቅሼ ነው የምጽፈው። «ደህና ነኝ» የሚለውን ቃል ሳነብ ኖምሳ የሞተ ሰው ያለ መስሏት ሮጣ መጣች።

ትናንት ውጤት መጣ። ዲፕሎማውን አግኝቻለሁ። በአማርኛ ከሰባት ስድስት። ሕክምናውን በመስከረም እጀምራለሁ።

ጥያቄው «ካነበብሽው ሥራ ውስጥ ዝም ያለ ሰው መርጠሽ ዝምታው ምን እንደሚሠራ ጻፊ» የሚል ነበር። ደብዳቤዎ አልደረሰኝም፤ የእርስዎ ዝምታ ብቻ ነው የነበረኝ፣ ከዚያ ጀመርኩ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ዳኛው የጠየቀው ወለተጻድቅን ብቻ ይመስላል። ግን ቤቱ ሙሉ ሰው አለ፣ ሁሉም አይተዋል፣ ጥያቄውን ሁሉም ሰምተዋል። ስለዚህ የተጠየቁት ሁሉም ናቸው። ከዚያ ሁሉ ሰው ቀና ብላ ሌሎቹን ያየችው እሷ ብቻ ናት። ዝም ያለችው እሷ አይደለችም፤ ዝም ያሉት እነሱ ናቸው። እሷ ጠይቃቸው መልስ አጥታ ነው የወጣችው።

በመጨረሻ ደግሞ የማውቀው አንድ ሰው በዚያ ችሎት ቢኖር ኖሮ ቀና ይል ነበር ብዬ ጨመርኩ። በፈተና ወረቀት እንዲህ ዓይነት ነገር እንደማይጻፍ አውቃለሁ። ያኔ ስለ ስብሰባው ምንም አልሰማሁም። እንዴት አወቅሽ ቢሉኝ መልስ የለኝም። ያ መልስ የማይናገረው መምህሬም አይቀበለኝም። ብቻ አውቅ ነበር።

እንደ ደንባችን አርመው ይመልሱልኝ።

ልጅዎ ጽጌማርያም


ኮልፌ
የካቲት 15 ቀን 1982 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዶክተር ጽጌማርያም (ገና ነሽ፣ ግን ልለማመድ)፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኛ ደህና ነን። ጥሩብርሃን ውጤትሽን ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሳለች። አሁን የስኳር ሰልፍ ላይ የቆሙት ሴቶች ባካሎሬት የሚባለውን ከእኔ አሳምረው ያውቁታል። ሰይፈዲንም ከአለበት ጽፎልኛል። እዚያ ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ስለሌለ ከቆርቆሮ እየሠራ ነው። ደብዳቤሽን ገልብጬ ለእሱ ላክሁለት።

ላንቺ ግን አልመለስኩልሽም። ቀዩን እስክሪብቶ አውጥቼ መጋዘኑ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር። ሁለት ቦታ ስህተት አለብሽ፣ አንደኛው የሚያሳፍር ነው። አንብቤ ስጨርስ እስክሪብቶውን ከደንኩት። ያንቺን ደብዳቤ እኔ ጋ አስቀርቻታለሁ።

ዘመድሽ ወንድይፍራው